የጋራ ወጪ ባለቤት ይኑረው፦ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በድጋፍ ገንዘብ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ የጋራ ወጪ ስለሚደለደልበትና ለሕግ ሲባል ስለሚቆጠርበት መንገድ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ በአገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረብ የመረጥኩት የአንድ ድርጅት አቤቱታ ባለመሆኑ፣ እንዲሁም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ገንዘቡን የሚሰጡት ለጋሾችና ገንዘቡን ሥራ ላይ የምናውለው ድርጅቶች በአንድ ላይ ካልተነጋገርንበት መፍትሔ የማያገኝ በመሆኑ ነው።

ከተለያዩ ለጋሾች በሚያገኘው ድጋፍ ሦስት ወይም አራት ፕሮጀክቶችን የሚያካሂድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ለየብቻ ቢሮ አይከራይም፤ ለየብቻ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥበቃና ሾፌርም አይቀጥርም። አንዱን ቢሮ፣ አንዱን ጄኔሬተር፣ አንዱን የኢንተርኔት መስመርና አንዱን የሂሳብ ሶፍትዌር ሁሉም ይጠቀሙበታል፤ የጋራ ወጪ የምለውም ለእነዚህ የሚወጣውን ነው። ይህ አሠራር በራሱ ቁጠባ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዱ ፕሮጀክት ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ወጪ ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው ሎሚው ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ ሲታደል፣ ማለትም ከኪራዩ፣ ከነዳጁና ከሂሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ የማን ድርሻ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

በብዙ ድርጅቶች ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በቀሪ በጀት ነው። የወሩ የኪራይ ክፍያ ሲደርስ የሂሳብ ሠራተኛው የበጀት መቆጣጠሪያውን ይከፍትና በኪራይ መደብ ላይ ገንዘብ የቀረው የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ ያያል፤ ቀሪ ያለው ፕሮጀክት ይከፍላል። በዚህ ወር የጤናው ከከፈለ በሚቀጥለው ወር የውኃው ይከፍላል፤ የፕሮጀክት መዝጊያ ሲቃረብ ደግሞ ያልተሟጠጠ በጀት ያለው ፕሮጀክት የሁሉንም የጽሕፈት መሣሪያ፣ የተሽከርካሪ ጥገናና የጎማ ግዢ እንዲሸከም ይደረጋል። በዚህ ሂደት ለግል ጥቅም የዋለ አንድ ብር ላይኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የለም። ሆኖም ለጤና ፕሮጀክት የተሰጠው ገንዘብ የውኃውን ፕሮጀክት ወጪ ከፍሏል፤ ለሁለቱም ለጋሾች የተላከው የሂሳብ ሪፖርት እውነተኛውን የሥራ ዋጋ አያሳይም፤ ቦርዱም ሆነ ዳይሬክተሩ አንድ ፕሮጀክት በእርግጥ ስንት እንደሚፈጅ አያውቁም። ኦዲተር ሲደርስበት ወጪው ተቀባይነት ያጣና ተመላሽ ይጠየቃል። አገር በቀሉ ድርጅት ግን ያ ተመላሽ የሚከፈልበት፣ ከማንኛውም ለጋሽ ገደብ ነፃ የሆነ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ከሌላ ፕሮጀክት ይበደራል፣ ስህተቱም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

ወደ እናንተ የሚያመጣኝ ይህ ልማድ ከምን እንደመጣ ማሰቤ ነው። አንዱ ምክንያት ሕጉ የሚነበብበት መንገድ እንደሆነ አምናለሁ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ድርጅቶች ከዓመታዊ ወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማ ማስፈጸሚያ እንዲያውሉ፣ አስተዳደራዊ ወጪያቸውም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይገደዱ ነበር። ያንን ለማስፈጸም የወጣው መመሪያ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም እጅግ ስላሰፋው ለክትትልና ለትራንስፖርት የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ሳይቀር ከአስተዳደር ጋር እየተደመረ ብዙ ድርጅቶችን አስጨንቋል። በዚያ ዘመን የሠራን ባለሙያዎች ወጪን ስንመዘግብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህ የየትኛው ሥራ ወጪ ነው ብለን አልነበረም፤ ከሠላሳው ውስጥ ይገባል ወይስ ከሰባው የሚለው ነበር የሚያሳስበን። ያ የአስተሳሰብ ልማድ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተሻረም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነገሩን በእጅጉ አሻሽሎታል፤ ይህንን በምስጋና አነሣለሁ። አዲሱ አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪን ከድርጅቱ የፕሮጀክት ተግባራት ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ነገር ግን ለድርጅቱ ህልውና ቀጣይነት አስፈላጊ የሆነ ወጪ አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅትም ለዚህ ዓይነቱ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያውል ይወስናል። ከትርጉሙ ቀጥሎም የአስተዳደር ሠራተኞችን ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይን፣ የኦዲት ክፍያን፣ የባንክ አገልግሎትን፣ የመብራትና የውኃ፣ የኢንተርኔትና የፖስታ ወጪዎችን፣ የኢንሹራንስንና የጥብቅና ክፍያን በዝርዝር ይጠቅሳል።

ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው። ትርጉሙ ወጪውን ከሚያገለግለው ተግባር አንጻር ይመዝነዋል፤ ዝርዝሩ ግን ወጪውን በስሙ ይጠራዋል። በአንድ ወረዳ ውስጥ የተከፈተና የጤና ፕሮጀክት ሠራተኞች ብቻ የሚሠሩበት ቢሮ ኪራይ እንደ ትርጉሙ ከሆነ የፕሮጀክት ወጪ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮውም ይዘጋልና። እንደ ዝርዝሩ ቃል ከሆነ ግን የቢሮ ኪራይ ስለሆነ አስተዳደራዊ ነው። በእኛ በባለሙያዎች መካከል እንኳ ሁለቱም ንባቦች አሉ። አንዳንዶቻችን ጥንቃቄን መርጠን ሁሉንም ኪራይ ከአስተዳደር እንመድባለን፤ ከዚያም 20 በመቶው ሲጠበን ሌላ ወጪ ከቦታው እናሸሻለን። ሌሎች ደግሞ በለጋሹ በጀት ውስጥ በየትኛው መደብ እንደተጻፈ አይተው ይወስናሉ። ወረዳው ውስጥ ያለው ቢሮ ያው አንድ ቢሮ ሆኖ ሳለ በሁለት ድርጅቶች ሪፖርት ላይ በሁለት ዓይነት ስም ይቀርባል። በእኔ ንባብ ዝርዝሩ በትርጉሙ ሥር የሚገዛ ነው፤ ማለትም የተዘረዘሩት ወጪዎች አስተዳደራዊ የሚሆኑት ከፕሮጀክት ተግባር ጋር ያልተያያዙ ሲሆኑ ነው። ይህ ንባብ ትክክል ከሆነ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ቢያረጋግጥልን፣ ካልሆነም ትክክለኛውን ቢነግረን፣ በርካታ ድርጅቶች በየዓመቱ የሚያባክኑት ጉልበት ይድናል።

ከዚህ ሁለትዮሽ ክፍፍል ውስጥ የጋራ ወጪ በቀጥታ አይገጥምም። የጋራ ወጪ ከፕሮጀክት ተግባር ጋር የተያያዘ ነው፤ ነገር ግን የተያያዘው ከአንዱ ጋር ሳይሆን ከብዙዎቹ ጋር ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ዓይነት ወጪ ሆኖ ሳይሆን፣ በተጻፈ ዘዴ ተደልድሎ ለየፕሮጀክቱ የሚሰጥና ምንም ፕሮጀክት ባይኖርም ይወጣ የነበረው ክፍል ብቻ በአስተዳደር የሚቀር ወጪ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ዘዴው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በሙያው ውስጥ ብዙ ክርክር የለም፤ ወጪውን የሚያስነሣውን ነገር ለይቶ በዚያ መለካት ነው። ለቢሮ ኪራይ፣ ለጽዳትና ለጥበቃ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የያዘው የወለል ስፋት ወይም የሠራተኛ ቁጥር ይሠራል። ለሂሳብ ክፍል ሠራተኞች በየፕሮጀክቱ የሚያልፈው የክፍያ ሰነድ ብዛት ወይም የሥራ ሰዓት መዝገብ ይሻላል፤ ምክንያቱም ትልቅ በጀት ያለው ፕሮጀክት በወር አምስት ትልልቅ ክፍያዎች ብቻ ሊኖሩት ሲችል፣ ትንሹ ፕሮጀክት ለሥልጠና ተሳታፊዎች በሚከፈል አበል ምክንያት መቶ ሰነድ ሊያስነሣ ይችላል። የበጀት መጠንን መለኪያ ማድረግ ቀላል ቢሆንም፣ ሌላ የተሻለ መለኪያ በሌለበት ብቻ ቢሠራበት እመርጣለሁ።

ተሽከርካሪ ለብቻው መነሣት ያለበት ነው፤ በመስክ ሥራ ላይ ባሉ ድርጅቶች ከደመወዝ ቀጥሎ ከሚመጡት ትልልቅ የጋራ ወጪዎች አንዱ ነውና። ጥሩ የጉዞ መዝገብ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ሲነሣና ሲመለስ የነበረውን የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የፕሮጀክቱን መለያ ቁጥርና የተጓዡን ፊርማ ይይዛል። በወሩ መጨረሻ የነዳጁ፣ የዘይቱ፣ የጥገናውና የኢንሹራንሱ ድርሻ ተደምሮ በጠቅላላው ኪሎ ሜትር ሲካፈል የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክትም በተጓዘው ልክ ይከፍላል። በአንድ መኪና ከደሴ ወደ አንድ ወረዳ የሁለት ፕሮጀክቶች ባለሙያዎች አብረው ከሄዱ ጉዞው ለሁለት ይካፈላል፤ ባዶ የተመለሰበት መንገድም የላከው ፕሮጀክት ሂሳብ ነው። መኪናውን የገዛው አንዱ ለጋሽ ከሆነ ግን ሌሎቹ ፕሮጀክቶች የነዳጅና የጥገና ድርሻቸውን እንጂ የእርጅና ቅናሽ (መኪናው በአገልግሎት ምክንያት የሚቀንሰውን ዋጋ) ሊጠየቁ አይገባም፤ የግዢው ዋጋ አንድ ጊዜ በሙሉ በድጋፍ ገንዘብ ተከፍሏልና ሁለተኛ ሊሰበሰብ አይችልም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሾፌሩ መዝገቡን ጉዞው በተደረገበት ቀን እንዲሞላ ማድረግ ነው፤ በወሩ መጨረሻ በአንድ ተቀምጦ፣ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ መዝገብ ማንኛውም ኦዲተር ገና ገጹን ሲገልጥ ያውቀዋል።

በሥራ ሰዓት መዝገብም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። አንድ ሠራተኛ ደመወዙ ከሦስት ፕሮጀክቶች 40፣ 35 እና 25 በመቶ እንዲከፈል በበጀት ከተያዘ፣ የሰዓት መዝገቡም በየወሩ ያለ አንዳች ለውጥ 40፣ 35 እና 25 ሆኖ ይሞላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ገንዘብ ደንብ የበጀት ግምት ብቻውን ለደመወዝ ወጪ ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ግምቱ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል፤ በኋላ ግን በእርግጥ በተሠራው ሥራ ልክ መስተካከል አለበት። ማስተካከል ስል በሩብ ዓመቱ መጨረሻ በአንድ የሂሳብ ማስተካከያ ሰነድ ልዩነቱን ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ማዛወር ማለቴ ነው፤ ከባድ አይደለም፣ ነገር ግን ለጋሹ በጀቱ ላይ ከተጻፈው መቶኛ ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ጥሰት ካየው የሂሳብ ሠራተኛው እውነቱን ለመጻፍ ይፈራል።

የደረሰኝን ጉዳይም ላንሣ። የአንድ ወር ኪራይ አንድ ደረሰኝ ብቻ አለው። ሦስቱ ለጋሾች ግን እያንዳንዳቸው ዋናውን ደረሰኝ በፕሮጀክታቸው ፋይል ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ዋናው ደረሰኝ ላይ የፕሮጀክታቸው ማኅተም እንዲያርፍበት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዋናው በአንዱ ፋይል ይቀመጥና ለሌሎቹ ኮፒው ከመደልደያ ቅጽ ጋር ይያያዛል፤ በማኅተሙም ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛና በብር ይጻፋል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ወዲያውኑ ኮፒ ተደርጎ ከዋናው ጋር ካልታሰረ ኦዲተሩ ሲመጣ የሚያገኘው ነጭ ወረቀት ነው። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ድርጅት አቀፍ ኦዲት በቀላሉ ሊተካ ይችላል። ሙሉ ሂሳቡን አንድ የተፈቀደለት ኦዲተር መርምሮት፣ የጋራ ወጪ ድልድሉም ከሂሳብ መግለጫው ጋር እንደ ማብራሪያ ተያይዞ ከቀረበ፣ ሦስት ለጋሾች ለሦስት የተለያዩ የፕሮጀክት ኦዲቶች የሚከፍሉት ገንዘብ ለታለመለት ሥራ ይተርፋል።

የጋራ ወጪ ያለ ባለቤት መቅረቱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ባለፈው ጊዜ ሁላችንም አይተናል። የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታውን ካገደ በኋላ በርካታ ፕሮጀክቶች በድንገት ቆሙ፤ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ፕሮግራሞቹን ማስተዳደር ያቆመው ደግሞ ሰኔ 24 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ በድርጅቶች ላይ የደረሰውን በቁጥር ለማሳየት ቀላል ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ድርጅት በወር 90,000 ብር የቢሮ ኪራይ ይከፍላል እንበል፤ በጤና ፕሮጀክት 9፣ በውኃ ፕሮጀክት 6፣ በኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት 3፣ በድምሩ 18 ሠራተኞች አሉት፤ ዳይሬክተሩና የሂሳብ ክፍሉ ሁሉንም ስለሚያገለግሉ ከመለኪያው ውጭ ናቸው። በሠራተኛ ቁጥር ሲደለደል ጤናው 45,000፣ ውኃው 30,000፣ የኑሮ ማሻሻያው 15,000 ብር ይከፍላሉ። የውኃው ፕሮጀክት በድንገት ቢቋረጥ ኪራዩ አይቀንስም፤ የቀሩት ሠራተኞች 12 ሲሆኑ የጤናው ድርሻ ወደ 67,500፣ የኑሮ ማሻሻያው ደግሞ ወደ 22,500 ብር ይወጣል። በሁለቱ ለጋሾች በጀት ላይ የተፈቀደው ግን አሁንም 45,000 እና 15,000 ነው። በየወሩ የሚጎድለው 30,000 ብር ከየት ይምጣ? ዘዴው በጽሑፍ የነበረውና ለጋሾቹ አስቀድመው የተቀበሉት ድርጅት የበጀት ማሻሻያ ለመጠየቅ መሠረት አለው፤ ትንሽ ቢሮ ለመፈለግም ጊዜ ያገኛል። ዘዴ ያልነበረው ድርጅት ግን የጎደለውን በዝምታ ከየፕሮጀክቱ መቆራረስ ይጀምራል።

ለጋሾች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ላለው ወጪ መቶኛ እንሰጣለን ይሉናል። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይሰጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት በውጭ ድጋፍ ስምምነቶቹ ተቀባይነት ካላቸው ቀጥተኛ ወጪዎች እስከ 7 በመቶ ድረስ ለቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተለይቶ ለማይመዘገብ ወጪ፣ ይፈቅዳል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብም ከመንግሥቱ ጋር ተደራድረው የተስማሙበት የራሳቸው መቶኛ ለሌላቸው ድርጅቶች ይሰጥ የነበረውን 10 በመቶ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 15 በመቶ አሳድጎታል። ነገር ግን ገንዘቡ በዓለም አቀፍ ድርጅት በኩል አልፎ ወደ አገር በቀሉ ሲደርስ መቶኛው በመንገድ ላይ ይቀራል፤ አገር በቀሉ ድርጅት ሥራውን፣ የመስክ ተጠያቂነቱንና የሰነድ ሸክሙን ይቀበላል፣ የአስተዳደር ድርሻውን ግን አያይም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሰብዓዊ ድጋፍ ተቋማትን የሚያስተባብረው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ድርሻ ለአገር በቀል አጋሮች እንዲያልፍ የሚመክር ሰነድ አውጥቷል። ምክሩ በየስምምነቱ ላይ አንቀጽ ሆኖ ሲጻፍ ነው ትርጉም የሚኖረው።

እኛም በበኩላችን ልንጠብቀው የሚገባ ጥብቅ መስመር አለ። አንድ ወጪ በድልድል ለፕሮጀክቱ በቀጥታ ከተመዘገበ፣ ያው ዓይነት ወጪ በመቶኛው ውስጥ ተመልሶ ሊቆጠር አይችልም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ 30 በመቶው ለፕሮጀክቱ በቀጥታ ተከፍሎ ሳለ፣ በመቶኛ የተገኘውም ገንዘብ ለዚሁ ደመወዝ ቢውል ለጋሹ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል የትኛው ወጪ በድልድል፣ የትኛው በመቶኛ እንደሚሸፈን ፖሊሲው አስቀድሞ ለይቶ መናገርና በሁሉም ለጋሾች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መሠራት አለበት። ለአንዱ ለጋሽ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ ማድረግ የመጀመሪያው የጥርጣሬ በር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ የሰው ኑሮ በቀጥታ የተያያዘው ከእርሱ ጋር ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ ሥራውን ለዘለቄታው በማቆሙ ምክንያት ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ በእነዚህ ምክንያቶች በመሰናበቱም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው የ140 ቀን ደመወዝ ይገባዋል ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሰው ስድስቱን ዓመት የሠራው በሦስት ተከታታይ ለጋሾች ገንዘብ ነበር፤ የመጨረሻው ለጋሽ እኔ የማውቀው የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ነው ይላል፣ የቀደሙት ስምምነቶች ደግሞ ከተዘጉ ቆይተዋል። መፍትሔው ሠራተኛው በሠራበት በእያንዳንዱ ወር ያ ወር ያስከተለውን የስንብት ድርሻ በዚያ ወር ከከፈለው ፕሮጀክት እየያዙ በተለየ የባንክ ሂሳብ ማስቀመጥ ነበር። እዚህ ላይ የለጋሽ ደንብ ይጋረጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለምሳሌ ለወደፊት ዕዳ የሚያዝን መጠባበቂያ ተቀባይነት ካላቸው ወጪዎች ውጭ ያደርገዋል። የአገሪቱ ሕግ ሊከፈል ይገባል የሚለውን ዕዳ የለጋሹ ደንብ ገና ያልተከሰተ ወጪ ይለዋል። በመሃል የቆመው ድርጅት ሠራተኛውን ሳይከፍል ያሰናብታል፣ ወይም ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ወይም ከሌላ ፕሮጀክት ወስዶ ይከፍልና የኦዲት ግኝት ይሆናል። ገንዘቡ ወደ ተለየና በማንም እጅ ለሌላ ጉዳይ ሊወጣ ወደማይችል ሂሳብ በእርግጥ ገቢ ከተደረገ የተከፈለ ወጪ ተደርጎ እንዲቆጠር ባለሥልጣኑ ከለጋሾች ጋር ቢነጋገር የብዙ ሺህ ሠራተኞችን መብት ያስጠብቃል።

የምንዛሪ ጉዳይንም ሳላነሣ አላልፍም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በዶላር የተፈረሙ ስምምነቶች በብር ሲመነዘሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ብር አስገኙ፤ በብር የተፈረሙት ግን ባሉበት ቆሙ፣ ኪራይና ነዳጅም እየጨመረ ሄደ። በዚያ ሁኔታ የጋራ ወጪን በበጀት መጠን ይደለድሉ የነበሩ ድርጅቶች ያለ ምንም የሥራ ለውጥ የዶላሩ ፕሮጀክት ድርሻ ሲያብጥ አይተዋል። መለኪያው የሥራ መለኪያ ይሁን የምለው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚህ ጋር የበጀት ዓመታችን አለመገጣጠም አለ፤ የመንግሥት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከጥቅምት እስከ መስከረም በፈረንጆቹ፣ የብዙ ሌሎች ለጋሾች ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በሰኔ መጨረሻ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ የገባ ትልቅ ገንዘብ የዚህን ዓመት ገቢ ከፍ አድርጎ የአስተዳደር ወጪን መቶኛ ያሳንሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ሲሠራ ደግሞ ገቢው አነስተኛ ይሆንና ያው ድርጅት ከ20 በመቶ ያለፈ ይመስላል። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት አማካይ ቢታይ ይህ ብዥታ ይጠፋል።

ስለዚህ ከባለሥልጣኑ በአክብሮት የምጠይቀው፣ በቦርድ የጸደቀና ወጥ ሆኖ የሚሠራበት የጋራ ወጪ ድልድል ፖሊሲ ያለው ድርጅት በዚያ ፖሊሲ መሠረት ለፕሮጀክት የደለደለው ወጪ የፕሮግራም ወጪ ሆኖ እንደሚቆጠር በመመሪያ ወይም በማብራሪያ እንዲገለጽልን፣ በዓመታዊ ሪፖርቱም ላይ የድልድሉ ሠንጠረዥ የሚገባበት ቦታ እንዲኖር ነው። የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም በዚህ ውይይት ውስጥ ቢገኝ ኦዲተሮች ሪፖርቱን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመረምሩት ይረዳል።

በኢትዮጵያ የምትሠሩ ለጋሾች ደግሞ ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ፣ በስምምነታችሁ ላይ የጋራ ወጪ በቁርጥ ብር ብቻ ሳይሆን በመለኪያ እንዲጻፍ፣ አንድ ፕሮጀክት ሲቋረጥ ድርሻው የሚከለስበት አንቀጽ እንዲኖር፣ ገንዘቡን ለሚያስተላልፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት የምትሰጡት መቶኛም ሥራውን ለሚሠራው አገር በቀል ድርጅት እንዲያልፍ እጠይቃችኋለሁ። ኪራይ አንከፍልም፣ የምንደግፈው ተጠቃሚውን ብቻ ነው የሚለው አቋም ወጪውን አያጠፋውም፤ የሚያደርገው ሌላው ለጋሽ እንዲከፍልላችሁ ማድረግ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼና ለዳይሬክተሮቻችን የምለው አጭር ነው። ማብራሪያው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ፖሊሲውን በዚህ በጀት ዓመት ጻፉት፣ ቦርዱ ያጽድቀው፣ ለሁሉም ለጋሾች ላኩት፣ በመጀመሪያው ወር ደመወዝና ኪራይ ላይ ጀምሩት። ቀሪ በጀት ያለው ይክፈል ተብሎ የክፍያ ማዘዣ ሲቀርብላችሁ አትፈርሙ።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት ባለሥልጣኑን፣ ለጋሾችንና የአባል ድርጅቶችን የፋይናንስ ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያገናኝ መድረክ ቢያዘጋጅ፣ በሥራ ላይ ያሉ የድልድል ቅጾችን፣ የጉዞ መዝገቦችንና የስንብት ክፍያ ስሌቶችን ይዘው ለመቅረብ ፈቃደኛ የሆኑ ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

በአገር በቀል ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ የፋይናንስ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት
ለሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ
በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ለጋሽ ተቋማት